ሰባት ቤት የቆጠረችው ውሻ

አንድ ጊዜ፣ ከወፍጮ ቤቱ በላይ ባለው ኮረብታ፣ በአንድ ባላባት ሰፊ ግቢ ውስጥ አመልማል የምትባል ውሻ ትኖር ነበር። ባላባቱ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ ተዘግቷል፤ የቀሩት እሷና አንድ ቆጥ ሙሉ ዶሮዎች ብቻ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ትጮኻለች፤ መልሶ የሚጮኽላት የለም። እናቷ ስትሞት የነገረቻት ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

«ልጄ፣ ዘር ከልጓም ይስባል። ሰባቱም አያቶችሽ የአደን ውሾች ናቸው። ሰባት ቤት ቆጥሮ ሰባቱም አዳኝ ካልሆኑለት በቀር ለማንም እንዳትወልጂ።»

አመልማል ወልዳ አታውቅም። ልጅ ግን አብዝታ ትመኝ ነበር። ከጎተራው ሥር ጉድጓድ ቆፍራ ድርቆሽ አንጥፋበታለች፤ ክረምት በመጣ ቁጥር አሮጌውን ጠርጋ አዲስ ታነጥፋለች። አንዳንዴም እዚያው ጥጉን ይዛ ትተኛለች፣ መሐሉን ለቡችሎቹ ትታ።

የወፍጮ ቤቱ ውሻ ዳማ ፊቱን ዱቄት እንደነካው በየቀኑ ሽቅብ እየወጣ ከአጥሩ ውጭ ይቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ቆረጠና ጠየቃት።

«አመልማል፣ አንቺም ብቻሽን፣ እኔም ብቻዬን። ለምን አብረን አንኖርም?»

ደስ አላት። አፏ ግን የእናቷን ቃል ተናገረ።

«እስቲ ሰባት ቤት ቁጠር።»

«አባቴ ወፍጮ ጠባቂ ነበር። አያቴም ወፍጮ ጠባቂ። ከዚያ ወዲያ ያለውን የነገረኝ የለም።»

«እንግዲያው አንተም እዚያው ወፍጮህን ጠብቅ።»

ዳማ አልተቆጣም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። ሐሳብሽን ከቀየርሽ እታች አለሁ» ብሎ ቁልቁል ወረደ። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም። አመልማል በማግስቱ አጥሩ ዘንድ ሄዳ እስኪመሽ ተቀምጣ ዋለች።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ሆና ስታይ የነበረች ቀበሮ ብቅ አለች። ቀበሮና ዶሮ ያለበት ግቢ፣ መቼም ታውቁታላችሁ።

«እመት አመልማል፣ እንደ እርስዎ ያለች ጨዋ ለወፍጮ ቤት ውሻ? ይተዉት። እኔ ከወንዝ ማዶ ሰባት ቤቱ የጠራ ሙሽራ ፈልጌ አመጣልዎታለሁ። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ ስንቅ ብቻ ነው የሚያስፈልገኝ።»

«ምን ዓይነት ስንቅ?»

«ከቆጡ አንዲት ዶሮ። እርስዎ ዞር ቢሉልኝ ይበቃል።»

አመልማል ዞር አለች።

ቀበሮ ሄዳ ተመለሰች። «ያገኘሁት አምስት ቤት ብቻ ቆጠረ» አለችና ሌላ ስንቅ ወሰደች። «ይኼኛው ደግሞ ስድስተኛው ላይ አንድ የበግ ጠባቂ ገባበት» አለችና ሌላ ወሰደች። እንዲህ እንዲህ ሲባል ሦስት ክረምት አለፈ። የአመልማል አፍ ዙሪያው ሸበተ። ቆጡም ባዶ ሆነ፤ የሚንጫጩት ዶሮዎች እንኳ ስለሌሉ ግቢው ጭር አለ። ቀበሮ ሌላ የሚበላ እንደሌለ ስታይ ሙሽራውን ይዛ መጣች።

ጎሹ የሚባል፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጆሮው የቆመ ውሻ ነው። አመልማል ሳታስበው ጭራዋ ተወዛወዘ።

«ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ» አለችው ቀስ ብላ።

«አባቴ መብረቁ ይባላል» አለ ጎሹ ኮራ ብሎ።

«የኔም አባት መብረቁ ነው። ስም መቼም ይገጣጠማል።»

«የመብረቁ አባት ገስጥ።»

ጭራዋ ቆመ። «የገስጥስ አባት?»

«አንበርብር። ግራ ጆሮውን ከርከሮ የቆረጠው።»

«አውቀዋለሁ» አለች አመልማል። «የኔም ቅድመ አያት ነው። አንተ ወንድሜ ነህ።»

አገር ሁሉ ሰባት ቤት የሚቆጥረው ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። እናቷ ግን መቁጠሩን ያስተማረቻት ለኩራት ብቻ ነበር። ጎሹ እያፈረ ወደ ጌታው ተመለሰ። አመልማል ወደ ቀበሮ ዞረች።

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ» አለች ቀበሮ ከንፈሯን እየላሰች። እርስዎ ማለቱንም ተወችው። «አንቺ ያልሽኝ ዘሩ የጠራ ፈልጊልኝ ነው። ባገሩ ከዘራችሁ የተረፋችሁት እናንተ ሁለታችሁ ብቻ ናችሁ። ታዲያ የኔ ጥፋት ምኑ ላይ ነው?»

በማግስቱ አመልማል ኮረብታውን ወረደች። መንገዱን ሙሉ የምትናገረውን ስትለማመድ ነበር፤ «ሰባቱን ተወው፣ አንተ ብቻህን ትበቃኛለህ» ልትለው። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ስትደርስ ግን ዳማን ከአንዲት ቡላ ውሻ ጎን ተኝቶ አየችው፤ አምስት ቡችሎች በላያቸው ይንከባለላሉ። ዳማ ቀና ብሎ አያት። አልተነሣም።

ከቡችሎቹ አንዷ ሮጣ መጣችና የአመልማልን እግር አሸተተች።

«እማማ፣ የእርስዎ ልጆች የት አሉ? እንድንጫወት ነው።»



«እቤት ናቸው» አለች አመልማል። ከዚያም ቡችላዋ እንዳትከተላት ቶሎ ቶሎ እየተራመደች ኮረብታዋን ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ የሞቱ አያቶቹን ሲቆጥር የኖረ ሰው በሕይወት ያለውን፣ ደጁ ላይ የቆመውን ወዳጅ እንደሚያጣ ነው።