እምቢ ማለት ያቃታት አህያ እና የፏፏቴው መንገድ

አንድ ጊዜ፣ ዳመናው ከተራራው ራስ ላይ አልነሣ ባለበት ጠዋት፣ እመት አህዪት ከተራራው ማዶ፣ ከግርጌው ወዳለው ፏፏቴ ለመሄድ ተነሣች። ለሽርሽር እንዳይመስላችሁ። ጀርባዋ ላይ መዳፍ የሚያህል ገጣባ ወጥቶባታል። ጌታዋ በረቱ በር ላይ ቆሞ «እስከ ገበያ ቀን ካልሻረላት ሜዳ ላይ እጥላታለሁ፤ ለማትሠራ አህያ ገለባ የለኝም» ሲል በጆሮዋ ሰምታለች። ሜዳ ላይ የተጣለች አህያ ምን እንደምትሆን ደግሞ ነጋሪ አያስፈልጋትም፤ እናቷም የቀረችው በዚያው ነው። ጎረቤቷ በቅሎ ግን «ፏፏቴው ሥር ቆመሽ ውሃው ቢወርድብሽ ቁስሉ ይጠግጋል፤ እኔ ድኜበታለሁ» ብላታለች። የቀራት ተስፋ ይኸው ነበር።

ከመንደሩ ጫፍ ስትደርስ እመት ቀበሮን ቁርበት ታቅፋ፣ አያ ጅቦን ጆንያ አንጠልጥሎ አገኘቻቸው። ጅቡን ስታይ መሮጥ አማራት። ግን እያዩዋት እንዴት ትሩጥ? ሰላም ሳይሉ ማለፍ ነውር ነው!

«እንደምን አደራችሁ?» አለች ጆሮዋን ጥላ።

«እግዜር ይመስገን! ወዴት ነው በጠዋቱ?» አለች ቀበሮ።

«ወደ ፏፏቴው… ትንሽ ልታጠብ ብዬ።»

«ውይ፣ እኛም ወደዚያው ነን! አያ ጅቦ ፏፏቴ አይቼ አላውቅም ብሎ አስቸግሮኝ ነው። አብረን እንሂዳ!»

አያ ጅቦ፣ አፉን ከፍቶ መዝጋት የሚረሳው ያ ሞኝ፣ ደረቱን መታ። «አያ አንበሶ ይሙት አልነካሽም! ደግሞ ቁርሴን በልቻለሁ» አለ። እውነቱን ነው፤ ያን ሰዓት ክፉ ሐሳብ አልነበረውም። ክፉ ለማሰብም እኮ መጀመሪያ ማሰብ ያስፈልጋል።

አህዪት «ብቻዬን ብሄድ ይሻለኛል» ልትል ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። «ናቀችን ይሉኛል» ብላ መልሳ ዋጠችው።

አቀበቱ ሲጀምር ቀበሮ ማለክለክ አበዛች። «እህት ዓለም፣ ይህችን ቁርበት እስከዚያ ዋርካ ድረስ ብትይዥልኝ? አንቺ መቼም የለመድሽው ነው።»

«ጀርባዬን ትንሽ…»

«ምን ሆነሽ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ!» አለች አህዪት። ቁስሏን ማሳየት አፍራ ነው። ቁርበቱ ተጫነባት። ዋርካው መጣ፣ ዋርካው አለፈ፤ ቁርበቱን ያስታወሰ የለም።

ይህን ያየ አያ ጅቦ በተራው ኮስተር አለ። «ለእሷ ተሸክመሽ ለእኔ እምቢ ልትይ ነው?» አለና ጆንያውን ከላይ ጭኖ በመጫኛ ጠፈረው። ጆንያው ውስጥ ያለው ስንቁ፣ አጥንት ነበር። አንዱ ሹል አጥንት ልክ ገጣባው ላይ ሲያርፍ የአህዪት ዓይን ጨለመ። ሽታው ደግሞ የባሰ ነው። የማን አጥንት እንደሆነ አፍንጫዋ ነገራት።

«አያ ጅቦ፣ ይሄ አጥንት… የምንድን ነው?»

ጅቡ ደነገጠ። «የ… የበሬ ነው!» አለ ወደ ቀበሮ እያየ።

ፊት ለፊት ዋሸህ ይባላል እንዴ? «ከባድ በሬ ነበር ማለት ነው» አለች፣ እንባዋ እየመጣ። የወገኗን አጥንት ተሸክማ መንገዷን ቀጠለች። ወይ ይሉኝታ! ስንቱን ጨረሰው መሰላችሁ። እኔማ ይህን ባወራሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

ከአቀበቱ ማዶ ቁልቁለቱ መጣ። ጭጋጉ ወረደ፣ ካፊያም ጀመረ፣ ድንጋዩ ያንሸራትታል። አህዪት ባንሸራተታት ቁጥር ጭነቱ ወዲያና ወዲህ እያለ ቁስሉን ይፍቀዋል። ደሙ በጎኗ ወርዶ በሆዷ በኩል ይንጠባጠብ ጀመር። ቀበሮ ከኋላ ሆና አየችው። አየችና ዝም አለች። ጅብ ሲበላ አጠገቡ ለተቀመጠ ቁራጭ እንደማይጠፋ ታውቃለቻ! አያ ጅቦ ብቻ አፍንጫውን እያነሣ «ምን ምን ይላል?» እያለ ይጠይቃል። ቁርሱ ከሆዱ ከጠፋ ቆይቷል።

ቀኑ ሲያጋድል ከፏፏቴው ደረሱ። ውሃው ከገደሉ አፍ ላይ እያጓራ ይወርዳል፤ የሚናገሩትን ለመስማት ጆሮ ለጆሮ መጠጋት ነበረባቸው። ቀዝቃዛው ብናኝ የአህዪትን አፍንጫ ነካው። «ደረስኩ» አለች በልቧ። ጭነቱን አራግፋ ጥቂት መራመድ ብቻ ነው የቀራት።

«እባካችሁ አውርዱልኝ» ብላ ለመነች።

አያ ጅቦ ጆንያውን አወረደ። ቁርበቱ ግን ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ ኖሮ ሲላቀቅ ሥጋዋን ይዞ ተነሣ። ደሙ ቡልቅ አለ። ጅቡ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ውይ፣ እመት አህዪት! በእኔ ጆንያ ነው እንዲህ የሆንሽው?» አላት። ከልቡ አዘነ፤ ምራቁም አብሮ ወረደ። «በምን ልካስሽ? በይ ልላስልሽ። እኛ ቤት ቁስል የሚድነው ሲላስ ነው።»

አህዪት ውሃውን አየች፣ ጅቡን አየች። ልቧ «እምቢ በይ! ሩጪ! ውሃው ውስጥ ግቢ!» ይላታል። ግን እንዴት ተደርጎ? አዝኖላት፣ ልካስሽ ብሎ፣ በትሕትና ጠይቋት ፊት ትንሣው?

«እሺ» አለችው። «ግን ቀስ ብለህ።»

አያ ጅቦ አንዴ ላሰ። ደገመ። ሲሠልስ ጥርሱ አረፈባት።

«ኧረ እኔ ምዬ ነበር!» አለ ጅቡ በድንገት ወደ ኋላ ብሎ። «አልነካሽም ብዬ በአያ አንበሶ ምዬ ነበር እኮ!»

«ታዲያ ነካሃት አይደል?» አለች ቀበሮ፣ ቁርበቷን አንጥፋ እየተቀመጠች። «መሐላው ፈርሷል፤ ያውም ራሷ ፈቅዳ። አሁን ብትተዋት የፈረሰው ላይጠገን፣ በባዶ ሆድህ ልትገባ ነው?»

ጅቡ ለማሰብ ሞከረ። ከበደውና ማሰቡን ተወው፤ ጥርሱን ተከለባት።

አህዪት ያን ጊዜ ጮኸች። በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ባላት አቅም ሁሉ፣ «እምቢ!» አለች። ፏፏቴው ግን ከእሷ ይበልጥ ይጮህ ነበር፤ ማንም አልሰማትም።

ከዚህ የምንማረው፣ «ምን ይሉኛል» እያለ የሁሉን ሸክም የሚቀበል ሰው እምቢታውን ለመጨረሻዋ ሰዓት ካቆየው፣ ያኔ የሚሰማው እንደማያገኝ ነው።