የአቶ ባንትይርጉ መኪና

«ይህች መኪና አንድም ቀን መንገድ ላይ ጥላኝ አታውቅም» አሉ አቶ ባንትይርጉ፣ ደጃቸው ላይ የቆመችውን አሮጌ መኪና ኮፈን መታ መታ እያደረጉ።

ገዢዋ ለካፌዎች ወተት የምታከፋፍል ሴት ናት። በእጇ ያለው የወጣላት እቁብ ብቻ ነው። መኪናዋ ካልሰራች ሌላ የምትገዛበት የላትም።

«አልጠራጠርም፣ ጋሼ። ግን ሞተሯን አጥፍተን ታች ሜዳው ላይ እንደገና ብናስነሳትስ?»

መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ደፍታ ቁልቁለት ላይ ነበር የቆመችው። አቶ ባንትይርጉም ያስነሷት ፍሬኑን ለቀው ትንሽ ካንደረደሯት በኋላ ነው።

ጥያቄው አስቆጣቸው። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ ሰው ናቸው። ደላላውን፣ ዘበኛውን፣ በር ላይ የቆሙትን ጎረቤቶች ሁሉ ጠሩ።

«በእነዚህ ሰዎች ፊት ተናገሪ። ወይ ውሸታም ነዎት በይኝ፣ ወይ ውሉን ፈርሚ!»

ጎረቤቶቹ ሴትየዋን አዩዋት። ሽማግሌን በደጁ ውሸታም ብሎ በሰላም የሚሄድ የለም። ደላላው ውሉንና እስክሪብቶውን አቀበላት። እሷም በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ተቀበለች።

«ምን ቆርጦኝ፣ ጋሼ! ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ አሁኑኑ እፈርማለሁ። ብቻ የእኔ ሰፈር ሜዳ ነው። ቁልቁለቱንም አብረው ይሽጡልኝ።»

ደላላው ሳቁን ለመዋጥ ጫማውን ማሰር ጀመረ። አቶ ባንትይርጉ ውሉን ከእጇ መንጭቀው ወደ ግቢያቸው ገቡ፤ የብረት በሩም ከኋላቸው ተዘጋ።