የላም ቦራ እልፍኝ አልባ ደባሎች

አንድ ጊዜ፣ ሣሩ የላም ጉልበት በሚሸፍንበት መስክ ላይ፣ ቦራ የምትባል ላም ከልጇ ከጊደሯ ከቀዮ ጋር ትኖር ነበር። ባሏ በሬው ዳልቻ ባለፈው ክረምት ሳል ይዞት ሞቷል።

በዚያ መስክ ከብቶች እንደ ሰው ይጎራረሱ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ዳልቻ ሲያመሰኳው የቆየውን ሣር ከአፉ ከፍሎ ቦራን ያጎርሳት ነበር። ቦራም ቀዮን ጡት ስታስጥላት በዚያው ጉርሻ ነው ሣር ያስለመደቻት። ዳልቻ ከሞተ ወዲህ ግን መጎራረሱ ቀረ፤ ቦራ ጀርባዋን ሰጥታ ለብቻዋ ማመስኳት ጀመረች።

አያ ጅቦ ቦራን ከሩቅ እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር። ቀንዶቿን ሲያይ ደግሞ መልሶ ይተፋዋል።

«እሜቴ ቀበሮ፣» አለ አንድ ቀን፣ «ይቺን ላም እንዴት አድርጌ ልብላት?»

«አንተ አትንካት። ራሷ እንድትወድቅልህ አደርጋለሁ። ለእኔ ጉበቷን ብቻ ትተውልኛለህ።»

«ጉበቷን? ግማሹን!»

«ሙሉውን።»

«እሺ፤ አንድ ጊዜ ልሼ እሰጥሻለሁ።»

በማግስቱ ቀበሮ የኮሶ አበባ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ቦራ ሄደች።

«እንደምን ዋልሽ እሜት ላሚት? ከስተሻል እኮ!»

«ዳልቻ ከሄደ ወዲህ ሣሩ አይጣፍጠኝም» አለች ቦራ።

«ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው። ማን እንደገደለው ግን ታውቂያለሽ? ባክቴሪያ ነው! ያንቺም ሆድ በእነሱ ተሞልቷል።»

ቦራ ደነገጠች። «በእኔ ሆድ? ምን ዓይነት ፍጥረቶች ናቸው?»

«ፕሮካርዮት ይባላሉ። አንቺ ዩካርዮት ነሽ፣ የተከበርሽ! ሰውነትሽ የተሠራባቸው ሕዋሳት ሁሉ ባለ እልፍኝ ቤቶች ናቸው። የዘር መልእክትሽ በእልፍኙ፣ በኒውክለሱ ውስጥ፣ በመጋረጃ ተከልሎ ይቀመጣል። ጓዳው ለብቻ፣ ኃይል ማመንጫው ለብቻ። እነሱስ? እያንዳንዳቸው አንዲት ሕዋስ ብቻ፣ ያውም አንድ ክፍል ጎጆ! እልፍኝ የለ፣ ጓዳ የለ። የዘር መልእክታቸውን እንደ ተጠቀለለ ፈትል ወለሉ ላይ ተዘርግፎ ታገኚዋለሽ። እንዲህ ያለ ደባል ይዞ መኖር አያሳፍርም?»

በዚህ ጊዜ የቦራ ሆድ ጉርርር አለ። ደባሎቹ ነበሩ።

«እሜት ቦራ፣ እልፍኝ እንደሌለን እውነት ነው» አሉ ከውስጥ። «ፈትላችንም ቤታችን መሃል ነው የሚቀመጠው። ቤታችን ትንሽ ስለሆነ ግን ሥራችን ፈጣን ነው። እንበላለን፣ እናድጋለን፣ ለሁለት እንከፈላለን፤ አንዱ ሁለት ሆነ ማለት ነው። አንቺ ሣሩን ታኝኪዋለሽ እንጂ ጠንካራውን አሰር መፍታት አይሆንልሽም። የምንፈታልሽ እኛ ነን። ዳልቻን የጎዳው ባክቴሪያ ሊሆን ይችላል፤ በየሰፈሩ ክፉ አይጠፋም። እኛ ግን ያንቺው ነን።»

«ደባል ሆናችሁ ደግሞ አፍ አላችሁ?» አለች ቀበሮ።

«ደባል ካልሽማ፣ ያ የምትኮሪበት ኃይል ማመንጫ፣ ማይቶኮንድሪያ የምትሉት፣ የእኛው ዘመድ ነው። ድሮ ድሮ እንደ እኛ ጎጆውን ይዞ ለብቻው ይኖር ነበር። አንድ ትልቅ ሕዋስ ዋጠው፤ ዋጠው እንጂ አልፈጨውም። ተስማምተው አብረው ቀሩ። ያንቺም ጭራ፣ እሜቴ ቀበሮ፣ የሚወዛወዘው በእሱ ጉልበት ነው።»

ቀበሮ ዞር ብላ ጭራዋን አየችው። ከዚያ ቶሎ ብላ፣ «ገዳይ ሁልጊዜ ዘመድ ነኝ ይላል! ይህን ዋጪና ጠራርገሽ አስወጫቸው» አለችና ኮሶውን ዘረጋችላት።

ሐዘን የያዘው የሚወቅሰው ካገኘ ጥቂት ይቀለዋል። ቦራም ዳልቻን እያሰበች፣ እያንገሸገሻት ኮሶውን ዋጠችው።

ሆዷ ታጠበ። ደባሎቹ ከነጎጇቸው ተጠራርገው ወጡ። ከዚያ በኋላ የበላችው ሣር ሆዷ ውስጥ እንደገባ ቀረ፤ የሚፈታው የለም። ማመስኳት አቆመች፤ ጎኗ ገባ፤ በሣር መሃል ሆና ተራበች፤ በመጨረሻም ተዘርራ ወደቀች።

ቀበሮ ወደ ጅቦ ሮጠች። «በል፣ ወድቃልሃለች!»

አያ ጅቦ ቦራን ከሩቅ ለካት። «ሙሉ ላም! ሆዴ ይችላታል ግን? ያስዋጥሻት ኮሶ ምን ያደርጋል ብለሽኝ ነበር?»

«ሆድ አጥቦ ባዶ ያደርጋል።»

አያ ጅቦ አሰበ። ማሰብ አልለመደምና ደከመው። ከዚያ ከቦራ የተረፈውን ኮሶ ከነቅጠሉ ሰለቀጠና፣ «አሁን ቦታ ይኖረኛል፤ ቀንዷም ሳይቀር ይገባል!» አለ።

ወደ ቦራ ገሰገሰ። አፉን ሊከፍት ሲል ሆዱ ቀደመው።

«ቆይ! እንዳትነሺ! መጣሁ!» ብሎ ወደ ቁጥቋጦው ሮጠ። ተመልሶ መጣ፤ አፉን ከፈተ። «ቆይ፣ ቆይ!» ብሎ እንደገና ሮጠ።

«ምን ሆነሃል አያ ጅቦ? ብላት እንጂ!» ብላ ጮኸች ቀበሮ።

«ቦታ እያዘጋጀሁ ነው!» አለ ድምፁ ከቁጥቋጦው ውስጥ።

ያን ቀንም፣ በማግስቱም፣ ከዚያም ወዲያ ብዙ ቀን ከቁጥቋጦው መውጣት አቃተው።

ይህ ሲሆን ቀዮ ከወንዝ ተመልሳ እናቷን ወድቃ አገኘቻት።

«እማዬ! ምን ሆንሽብኝ?»

«አባትሽን የገደሉት መስለውኝ ደባሎቼን አባረርኳቸው፣ ልጄ። አሁን ሣር መሃል ልሞት ነው።»

የቀዮ ሆድ ጉርርር አለ። «ቀዮ፣ እናትሽ ጡት ስታስጥልሽ ምን ነበር ያደረገችልሽ?» አሏት የእሷ ደባሎች። «አንቺም እንደዚያው አድርጊላት።»

ቀዮ ያመሰኳችውን ሣር ወደ እናቷ አፍ አስጠጋች።

«ተዪኝ፣ አቅም የለኝም» አለች ቦራ።

«ጉርሻ እምቢ ይባላል እንዴ፣ እማዬ?»

ቦራ ጎረሰች። ከጉርሻው ጋር ጥቂት ደባሎች ገቡ። በሞቀው ሆድ ውስጥ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ሄዱ። ቀዮም እያጎረሰቻት ሰነበተች። አንድ ቀን የቦራ ሆድ ጉርርር አለ።

«አለን፣ እሜት ቦራ!»

ቦራ እንባዋ መጣ። «ይቅር በሉኝ። ለመሆኑ እናንተ አዲሶች ናችሁ?»

«አዲሶችም ነባሮችም ነን። እኛ ለሁለት ስንከፈል ይሄ ልጅ ነው፣ ይሄ አባት ነው አይባልም። ከዳልቻ አፍ ወዳንቺ መጣን፤ ካንቺ ወደ ቀዮ ሄድን፤ አሁን ከቀዮ ተመለስን። ለዳልቻ ሣር ስንፈታ የነበርነው እኛው ነን።»

ቦራ ከመስኩ አንድ ጉርሻ ሣር ነጨች። ከዚያ ማመስኳት ጀመረች። ሣሩ ጣፈጣት።

አያ ጅቦ ከቁጥቋጦው ሲወጣ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። «አሁንስ ተዘጋጅቻለሁ!» እያለ መጣ። ቦራ ብድግ ብላ ቀንዷን ዝቅ አደረገች። ጅቦም በመጣበት ፍጥነት ተመለሰ።

«ጉበቴስ?» አለች ቀበሮ መንገድ ላይ ጠብቃ።

«ጉበት? ነይማ፣ ያንቺን ልየው!»

ቀበሮ ጭራዋን ይዛ እግሬ አውጪኝ አለች። ስትሮጥ ደባሎቹ ያሉት ትዝ አላት። «ወንድሜ ማይቶኮንድሪያ፣» አለች እያለከለከች፣ «ዛሬ ብቻ ጉልበትህን አትንፈገኝ!»

የዚያን ዕለት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቦራ ከፍላ ቀዮን አጎረሰቻት። ከዚያም ቀን ጀምሮ በመስኩ መጎራረስ ቀርቶ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው የጎረቤትን ጥቅም በቤቱ ክፍል ብዛት መለካት እንደማይገባ፣ የሄደ ወዳጅም ባጎረሰን ነገር ውስጥ አብሮን እንደሚኖር ነው።