ከርከሮ ብስክሌት የገዛ ዕለት

ድሮ ድሮ፣ አያቴ ከአያቱ በሰማበት፣ አያቱም ከማን እንደሰማ በረሳበት ዘመን፣ ስሟ በጠፋ አንዲት አገር አንድ ከርከሮ ይኖር ነበር። ያኔ ብስክሌት ነበረ ወይ የሚለኝ አለ? ካለ ተነስቶ ከብቱን ያስገባ። ነበረ ካልኩ ነበረ!

ከርከሮ አንገቱ ወፍራም፣ እግሩ አጭር፣ ልቡ ግን ቀና ነበር። ኑሮው ከወንዙ ማዶ እየሄደ በቀን ሥራ ድንች መቆፈር ነው። ቤቱ ወንዙ ዳር ያለ ጉድጓድ ሲሆን፣ ክረምት በገባ ቁጥር ጎርፍ ይሞላውና እሱ፣ ሚስቱና ሰባት ልጆቻቸው ጥርሳቸውን እያንገጫገጩ ዛፍ ሥር ያድራሉ። ባለፈው ክረምት ትንሿ ልጃቸው ሳል ይዟት ለጥቂት ነው የተረፈችው። ሚስቱም «አንተ ሰውዬ፣ ሌላ ክረምት እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ካገኘን፣ ሰባቱንም ማሳደጋችንን እንጃ» ትለው ነበር።

የዚያ አገር ንጉሥ አንበሳ ነው። መልእክተኛው ደግሞ የከርከሮ ጎረቤት እማማ ኤሊ ነበሩ። አርባ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ አደረሱ፤ ማድረስ ከተባለ! የሠርጉ ጥሪ የሚደርሰው ሙሽራዋ ልጇን ክርስትና ስታስነሳ ነበር። በመጨረሻ እማማ ኤሊ ቀረቡና «ንጉሥ ሆይ፣ ጉልበቴ አለቀ፤ ልረፍ» አሉ። «ድሮስ ነበረዎት እንዴ?» አለ አንበሳ፤ በሆዱ ነው ታዲያ።

ወዲያው አዋጅ አስነገረ። «ስማ! ያልሰማህ ስማ! የመጪው በዓል ዕለት፣ እሁድ፣ የብስክሌት ግጥሚያ አለ። አንደኛ የወጣ መልእክተኛዬ ይሆናል፤ ኮረብታው ላይ ያለው የመልእክተኛ ቤትም የእሱ ነው። ከማግስቱ ሰኞ ጀምሮ ግን፣ በተወዳደረበት በዚያው ብስክሌት ደብዳቤ ያደርሳል። ጧት የወጣ ደብዳቤ ከቀትር በፊት ካልደረሰ፣ ሹመቱም ቤቱም ለተከታዩ ነው!»

ኮረብታው ላይ ያለው ቤት! ጎርፍ የማይደርስበት፣ ጣሪያው የማያፈስ ቤት! ከርከሮ ይህን ሲሰማ እንቅልፍ አጣ። ሚስቱ ጉድጓዱን ለማስጠገን ሦስት ዓመት የቋጠረቻትን ሠላሳ ብር አውጥታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። «ይቺ ከሄደች ሌላ የለንም። ዓይንህን ግለጥ» አለችው።

በዚያ አገር ደግሞ የሚጋለብ ነገር ብቻውን የሚገዛ የለም፤ ሽማግሌ ይዞ ይወጣል። ሌላም ሥርዓት አለ፦ ሻጩ ራሱ ጋልቦ ካላሳየ፣ ገዢ ቋጠሮውን አይፈታም። ከፈረስ ገበያ የመጣ ሥርዓት ነው። ፈረስ ፈረስን ይሸጣል ወይ እንዳትሉኝ፤ ሰውም ሰውን ሲሸጥ ኖሯል። ከርከሮም እማማ ኤሊን ለመነና አብረው ገበያ ወጡ፤ እሳቸው በእግራቸው፣ እሱ ደግሞ እሳቸውን በመጠበቅ።

ብስክሌት ነጋዴዋ እትዬ ጉሬዛ ጥቁርና ነጭ ካባዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ «ዓይን ያየውን እጅ ይያዘው!» ትላለች። ከርከሮን ስታይ አንድ ቀይ ብስክሌት ጎትታ አወጣች። እንዴት ያብለጨልጫል! ጎማው እንደ ክር የቀጠነ ነው።

«ይሄ ነፋስ ቀዳሚ ይባላል። ስልሳ ብር ነው፤ ለአንተ ግን ግማሹን ዛሬ፣ ግማሹን ስትሾም ትከፍለኛለህ። ዓይን ያየውን እጅ ይያዘው!»

ከርከሮ ምራቁን ዋጠና ወጣበት። ወጣበት እንጂ እግሩ ፔዳሉ ላይ አልደረሰም፤ እንደ ቋንጣ ተንጠልጥሎ ቀረ።

«እትዬ፣ አልደረስኩም እኮ!»

«ምን ችግር አለው፣ ታድጋለህ።»

«የሰባት ልጆች አባት ነኝ!»

«ታዲያ ገና ነሃ!» አለች ሳታፍር።

እማማ ኤሊ አንገታቸውን ቀስ አድርገው አወጡና «ጋልበሽ አሳይን» አሉ።

«ዛሬማ ጉልበቴን አሞኛል፣ እማማ።»

«እንግዲያው ለሚያድግ ሽጪው።»

ይህን ሲሉ ድኩላ ከተፍ አለ። እግሩ ረጅም፣ አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ኩራቱ ከቀንዱ በላይ ነው። ሽማግሌ አልያዘ፣ ጋልበሽ አሳዪኝ አላለ፤ ስልሳውን ብር ቆጥሮ ቀዩን ብስክሌት ወሰደ። ሲያልፍም «ከርከሮና ብስክሌት! አንተ ልትነዳው ነው ወይስ እሱ አንተን?» ብሎ ሳቀበት። ከርከሮ አፈረ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ጉሬዛም ጊዜ አላጠፋችም፤ አረንጓዴ ብስክሌት አመጣች። ደወል አለው፣ መስታወት አለው፣ መሪው ላይ ሪባን ታስሮለታል።

«ይሄ ለመንገድም ለግጥሚያም፣ ለሠርግም ለለቅሶም ይሆናል። ሠላሳ ብር! ዓይን ያየውን እጅ ይያዘው!»

ከርከሮ ደወሉን ቂሊሊሊ አደረገው። ደስ አለው። ደግሞ ቂሊሊሊ አደረገው። እጁ ወደ ቋጠሮው ሄደ።

«ጋልበሽ አሳይን» አሉ እማማ ኤሊ።

«ውይ፣ ካባዬ ይቆሽሻል!»

አሁን ግን ገበያተኛው ሰምቷል። «ሥርዓት ነው! ትጋልብ! ትጋልብ!» ብሎ ዙሪያውን ከበባት። ጉሬዛ መውጫ ስታጣ ካባዋን ሰብስባ ወጣችበት። ገበያው ተዳፋት ነው። መጀመሪያ እጇን እያውለበለበች ወረደች፤ ኋላ ማውለብለቡን ተወች፤ ቀጥሎ «ኧረ በሕግ! ኧረ ያዙኝ!» ማለት ጀመረች። ፍሬኑን ብትጨብጠው ከነሽቦው ተነቅሎ እጇ ላይ ቀረ። ደወሉ ቂሊሊሊ እያለ ሄዳ ሄዳ፣ የበርበሬ ነጋዴዋ የወይዘሮ ቆቅ ክምር ውስጥ ዘው! ጥቁርና ነጭ ሆና የገባችው ቀይ ሆና ወጣች። ሃያ ጊዜ አነጠሳት፤ ገበያተኛውም ሃያ ጊዜ «ይማርሽ!» አላት።

በዚያ አገር ሥርዓት፣ የገዛ ሸቀጡ የጣለው ሻጭ ካሳ አለበት። ገዢው ከድንኳኑ የፈለገውን ይመርጣል፤ ዋጋውን የገበያ ዳኞች ይቆርጣሉ። ጉሬዛ ዓይኗን እያሸች አንዱን ወርቃማ፣ አንዱን ሰማያዊ ብስክሌት ትደረድርለት ጀመር። «ምረጥ ልጄ፣ ምረጥ! ዓይን ያየውን… አጢሽ!»

ከርከሮ ቆሞ አሰበ። የሚያብለጨልጭ አምጥታ ነበር፤ አየው። የሚጮህ አምጥታ ነበር፤ አየው። ታዲያ ራሷ በምን ነው የምትሄደው?

«እትዬ፣ ቤትዎ የት ነው?» አላት።

«ከወንዙ ማዶ፣ ከዳገቱ ጀርባ። ምነው?»

«ሲመሽ በምን ይገባሉ?»

ጉሬዛ በርበሬውን ከካባዋ ታራግፍ ጀመር። «በዚያች ነዋ!» አለች ወይዘሮ ቆቅ በርበሬዋን እያፈሰች። «ስድስት ዓመት ዝናብ አይል ፀሐይ፣ በዚያች ስትመላለስ አያታለሁ!» ብላ ወደ ድንኳኑ ጀርባ ጠቆመች። እዚያ ቀለሟ የተላጠ፣ ደወል የሌላት፣ አጠር ያለች ጥቁር ብስክሌት ተደግፋ ቆማለች።

«እሷን እንኳ አልሸጥም!» ጉሬዛ ዘላ ፊቷ ቆመች። «አሮጌ ናት፣ ምን ያደርግልሃል!»

«አሮጌ ከሆነችማ እኔ ልገላግልዎት» አለ ከርከሮ።

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ዳኞቹም ሃያ ብር ቆረጡ። እማማ ኤሊ «ጋልበሽ አሳይን» ሲሏት ጉሬዛ ወጣችባት፤ ገበያውን አንዴ ዞረችው፣ ዳገቱን ወጣችው፣ ቁልቁል ወርዳም ከርከሮ እግር ሥር ልክ ቀጥ አደረገቻት። ከርከሮም በተረፈው አሥር ብር ወፍራም ጎማና አዲስ ፍሬን አስገባ፣ ኮርቻውን ለእግሩ ልክ አስወረደ። ጉሬዛ በእግሯ ቤቷ ገባች።

ሚስቱ ግን በሩ ላይ ስታየው እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሠላሳ ብር ይዘህ ሄደህ ይህን አመጣህ? ደወል እንኳ የላትም!»

«ለደወሉስ አንቺ አለሽ» ብሏት ሮጠ።

እሁድ ደረሰ። ለበዓሉ ክብር ንጉሡ ከመንገዱ ላይ ድንጋዩን ሁሉ አስለቅሞ፣ አስጠርጎ፣ ውሃ አስረጭቶታል። ጋሪም ከብትም እንዳያልፍበት ተከልክሏል። ነጋሪት ሲመታ ድኩላ በቀዩ ብስክሌት ተፈተለከ። ከርከሮም አንገቱን ደፍቶ ረገጠ! ቀበሮን አለፈ፣ ዝንጀሮን አለፈ፣ ላቡ በክራንቻው ላይ ተንቆረቆረ። ድኩላን ግን አልደረሰበትም። ድኩላ አንደኛ፣ ከርከሮ ሁለተኛ ወጣ።

ከርከሮ አለቀሰ። እውነት እላችኋለሁ፣ ስቅስቅ ብሎ ነው ያለቀሰው። ሁለተኛ መውጣት ለወሬ ያምራል፤ ለሰባት ልጆች ግን ጣሪያ አይሆንም። ድኩላ የኮረብታውን ቤት ቁልፍ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሲጨፍር፣ በምዕራብ በኩል ደመናው ይጠቁር ነበር። እማማ ኤሊ መጡና «አይዞህ ልጄ፣ እኔ ያንን መንገድ አርባ ዓመት አውቀዋለሁ። ዛሬ ያየኸው መንገዱ አይደለም» አሉት። እሱ ግን አልተጽናናም።

ሰኞ ጧት ጋሪው ወደ መንገዱ ተመለሰ፤ ከብቱ ተመለሰ፤ ድንጋዩም ከዳገቱ እየተንከባለለ ተመለሰ። ንጉሡ ለአዲሱ መልእክተኛ ከወንዙ ማዶ ላሉት ለአማቱ የሚደርስ ደብዳቤ ሰጠው። አማቲቱን አገር ያውቃቸዋል። አንዴ ከመጡ ሦስት ወር ይቀመጣሉ፣ ንጉሡንም ውሃ ያስቀዱታል። ደብዳቤውም «እናቴ ሆይ፣ ቤት እያሳደስኩ ስለሆነ ለጊዜው አይምጡ» ይላል።

ድኩላ ተፈተለከ። ገና ከመንደሩ ሳይወጣ ፍስስስ! የጎማው ካላማዳሪያ ተበሳ። ለጠፈና ተነሳ። ትንሽ እንደሄደ ፍስስስ! ደግሞ ለጠፈ። ከርከሮ ዶማውን በጀርባው አዝሎ ወደ ድንች ሥራው ሲሄድ አገኘው።

«እንደምን አደርክ? ደብዳቤውን ላድርስልህ? መንገዴ ነው» አለው ከልቡ።

«ሂድ ወደዚያ! የንጉሥ ደብዳቤ በድንች ቆፋሪ እጅ አይያዝም!»

«እሺ፣ ደህና ዋል» ብሎ ከርከሮ ዳገቱን ወጣ፣ ወንዙን ተሻገረ። ከወንዙ ማዶ አንዲት ወፍራም አሮጊት አንበሳ ሁለት ቅርጫት ይዘው መንገድ ዳር ቁጭ ብለዋል።

«ልጄ፣ እግሬ እምቢ አለኝ። ንጉሡ ልጄን ነው ያገባው፤ እስከ ደጁ ብታደርሰኝ?» አሉት።

የቀን ሥራው ሊቀርበት ነው። ግን አሮጊት መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ አሳፈረው። ሴትዮዋን ከኋላ፣ ቅርጫቶቹን ከፊት ጭኖ ዞረ። ብስክሌቷ ሲጢጥ እንኳ አላለችም። ድኩላን ሲያልፉት አንገቱን ደፍቶ አምስተኛውን ቀዳዳ ይለጥፍ ነበር፤ ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

ንጉሡ በደጁ ሆኖ «ተመስገን፣ ዘንድሮስ ቀሩልኝ» ሲል፣ አማቱ ከቀትር በፊት ከተፍ! ክው አለ።

«እ… እንኳን ደህና መጡ፣ እናቴ!»

«ይህን የመሰለ መልእክተኛ እያለህ እስከ ዛሬ ሳትልክብኝ?» አሉት አማቲቱ።

ወጋቸውን ሳይጨርሱ ቀትር አለፈ፤ ድኩላም ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ፣ ደብዳቤውን በጥርሱ ይዞ፣ እያነከሰ ገባ። «ንጉሥ ሆይ፣ ለአማትዎ የጻፉት አልደረሰም፤ ይኸው!»

«ለእኔ? ምን ይላል? አምጣው ይነበብ!» አሉ አማቲቱ።

አንበሳ ደብዳቤውን ቀማና አፉ ውስጥ ከትቶ ዋጠው። «ኑልኝ ነው የሚለው፣ እናቴ» አለ አፉን በመዳፉ እየጠረገ።

«እንግዲያስ ተቀምጫለሁ! አሁን ፍርድህን ስጥ። ከቀትር በፊት ያልደረሰ ሹመቱ ለተከታዩ ነው ብለህ አላወጅክም?»

ንጉሥ የአዋጁ ባሪያ ነው፤ የአማቱም። ቁልፉን ከድኩላ አንገት አውልቆ ለሁለተኛው፣ ለከርከሮ ሰጠው። ከርከሮ ለምስጋና እንኳ አልቆመም፤ እየጮኸ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ። ማክሰኞ ሰማዩ ተቀዶ ዝናቡ ሲወርድ፣ ሰባቱ ልጆች ኮረብታው ላይ፣ ደረቅ ወለል ላይ ተኝተው ጣሪያው ላይ የሚያርፈውን ጠብታ ሲቆጥሩ አረፈዱ። እናታቸውም እነሱን ትቆጥራለች፤ ሰባት።

ይኸው ሰጠኋችሁ፤ የቀመሰ ለጎረቤቱ ያቃምስ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ብስክሌት ለመግዛት የሚወጣ ሁሉ፣ ቋጠሮውን ከመፍታቱ በፊት እንዲህ ይባላል፦

የበዓል ፈረስ፣ ከሰኞ አያደርስ።