ጅብ የበላው ብራና

አንድ ጊዜ፣ በጥር ወር፣ በአራዊት ዩኒቨርሲቲ ደጅ ካለው ዋርካ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። «አንድ የዶክትሬት ተማሪ እንፈልጋለን። የምርምር ሐሳቡን በብራና ጽፎ ሰኔ አንድ ቀን አንበሳ ፊት ይቅረብ» ይላል።

አህያ ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ዕድሜዋን ሙሉ ውኃ ስታመላልስ አንድ ነገር ሲከነክናት ኖሯል፤ የታችኛው ምንጭ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ሲደርቅ የላይኛው ለምን አይደርቅም? ይህንኑ ጽፋ ስለ ውኃ ወደሚያስተምሩት ወደ መምህር ኤሊ ሄደች።

«ይሄ በሦስት ዕድሜም አያልቅልሽ፣ ልጄ» አሏት። «አጥብቢውና ተመለሽ።»

አጥብባ ተመለሰች። «አሁንም ሰፊ ነው» አሏት። በሦስተኛው «ማስረጃሽ የታለ?» አሉ፤ ምንጮቹን በቅል እየለካች ከረመች። ጎረቤቶቿ «አህያ ደግሞ ዶክተር!» እያሉ ሳቁባት። ጆሮዋን ጣል አድርጋ መለካቷን ቀጠለች። በሰባተኛው ኤሊ አንገታቸውን አስግገው «አሁን አገኘሽው» አሉ።

አያ ጅቦም ቦታውን ፈልጎታል። ምርምሩን ወዶ ግን አልነበረም፤ ለዶክተሮች ከአንበሳ ማዕድ አጥንት እንደሚደርሳቸው ሰምቶ ነው። ወደ ቀበሮ ሮጠ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ጻፍልኝ።»

«ስለ ምን?»

«እሱን አንተ ታውቃለህ። ብቻ ረዘም ይበል።»

ቀበሮ ከአጥንቱ እኩሌታውን ቃል አስገብቶ ስለ ከዋክብት አንድ ረጅም ብራና ጻፈለት። ጅቦ አንዲት መስመር እንኳ አላነበበም።

ቀኑ ደረሰ። ደጅ ላይ ተራ ሲጠብቁ ፀሐይ ብራናውን አሞቀችውና የፍየል ቆዳው ሽታ ተነሣ። ጅቦ መቀመጥ አቃተው። ጠርዙን ቀመስ አደረገ፤ ከዚያ ሙሉውን ሰለቀጠው። አብሮት የመጣው ቀበሮ ጭንቅላቱን ያዘ። ወዲያው ግን «የሷንም ብላው፤ ያኔ እኩል ትሆናላችሁ» ሲል ሹክ አለው። ጅብ እንዲህ ያለውን ነገር ሁለቴ አያስነግርም። አህያ ዘወር ብላ ስትመለከት ብራናዋ የለም።

እንባዋ መጣ። ወደ ቤቷ ልትመለስ ሁለት እርምጃ ሄደች። ከዚያ ቆመች። «ሰባት ጊዜ የጻፍኩት እኔው ነኝ» አለች ለራሷ፤ ተመልሳም ገባች።

«ብራናሽስ?» አለ አንበሳ።

«ተበላብኝ፣ ጌታዬ። የፈለጉትን ይጠይቁኝ።»

ጠየቃት። ከምንጮቹ ሥር ስላለው ዓለት፣ በቅል ስለለካችው ውኃ፣ ገና ስለማታውቀውም ጭምር ሳትደብቅ መለሰች። ቀጥሎ ጅቦ ተጠራ።

«የአንተስ?»

«የኔም ተበልቷል፣ ጌታዬ።»

«ይሁን። ስለ ምን ነበር?»

ጅቦ ወደ ቀበሮ ዞረ። ቀበሮ ሹልክ ብሎ ወጥቷል። ጅቦ ከንፈሩን ላሰ።

«ፍየል ነበር፣ ጌታዬ። የሷ ግን ለስለስ ይል ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንበሳ ግን አልሳቀም። «አንተ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚባለው እኮ በማያውቁህ አገር ነው» አለና አስወጣው።

በማግሥቱ አህያ፣ የዩኒቨርሲቲው አዲሷ ተመራማሪ፣ ቅሏን ይዛ ወደ ላይኛው ምንጭ ወጣች።

ከዚህ የምንማረው፣ በራሳችን ልፋት ያወቅነውን ነገር የተጻፈበት ብራና ቢጠፋ እንኳ ማንም ሊበላብን እንደማይችል ነው።