ዝናብ የጠበቀው አምበል

አንድ ነገር «ዝናብ» ተብሎ ለመጠራት ሁለት ነገር ማሟላት አለበት፤ አንደኛ ውሃ መሆን፣ ሁለተኛ መሬት መድረስ። ገና ሰማይ ላይ ያለው ደመና ይባላል እንጂ ዝናብ አይባልም። ይህን ልዩነት ማንም ሕፃን ያውቀዋል። ደባልቄ የሚባል አንድ የክሪኬት ቡድን አምበልም ያውቀው ነበር። የዘነጋው አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው።

ደባልቄ የመጣው ዝናብ እንደ ሩቅ ዘመድ ከሚናፈቅበት ደረቅ አገር ነው። በዚያ አገር ክሪኬት የሚጫወቱት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚመለከቱት ደግሞ ከጥቂቶቹም ያንሳሉ። ቡድኑ ለዓመታት የኖረው በታችኛው ምድብ ነው። እዚያ ምድብ ውስጥ ገና በመውተርተር ላይ ያሉ የትንንሽ አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች በየጥቂት ዓመቱ ይገናኛሉ። ከስድስቱ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ወደ ላይኛው ምድብ ያልፋሉ፤ የቀሩት ተጨባብጠው ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። ደባልቄ መጨባበጡን በደንብ ተምሮታል። ባለፈው ውድድር በመጨረሻው ጨዋታ ኳሷን በኃይል ወደ ሰማይ ልኮ በተቃራኒ ቡድን እጅ ያስያዛት ራሱ ነበር። አሁን ጺሙ ሸብቷል፣ ጉልበቱም ደረጃ ሲወጣ ይንጓጓል። ከአገሩ ሲነሳ ለሚስቱ «የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው፤ አሳልፌያቸው ልረፍ» ብሏት ነበር።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃል። አንደኛው ቡድን ይወረውራል፤ የሌላው ቡድን ሁለት መቺዎች ሜዳ ገብተው ኳሷን በእንጨት መምቻ እየመቱ ወዲያና ወዲህ ይሮጣሉ፤ ሩጫው ይቆጠራል። ከሜዳው ጠርዝ ያለፈች ኳስ ያለ ድካም አራት ሩጫ ታስገኛለች። አየር ላይ የተያዘች ኳስ ግን መቺውን ታስወጣለች። ለቡድኑ የተመደበው የኳስ ቁጥር ሲያልቅ ቡድኖቹ ይቀያየራሉ። ሁለተኛው ቡድን የመጀመሪያውን ቁጥር ካለፈ አሸነፈ።

የመጨረሻው ጨዋታ ከአስተናጋጇ ደሴት ቡድን ጋር ነበር። ደሴተኞቹ ቀድመው መቱ፤ ያስቆጠሩት ግን ጥቂት ሆነ። የነደባልቄ ቡድን ተራው ደርሶ ሲዘጋጅ፣ አሠልጣኙ ጋሽ ሙላት ሁሉንም ሰበሰቧቸው።

«ስሙኝ ልጆቼ። ብናሸንፍ እናልፋለን። ጨዋታው በዝናብ ቢሰረዝም ነጥብ ተካፍለን እናልፋለን። ብንሸነፍ ግን ሻንጣችንን ነው የምንሸክፈው። ደግሞ ዝናብ ጨዋታ የሚሰርዘው ወሰኑ ሳይደርስ ከጣለ ብቻ ነው። ከተሰጠን ኳስ የተወሰነውን ያህል ከተወረወረልን በኋላ ከጣለ፣ እስከዚያች ሰዓት ማን በተሻለ ፍጥነት እንዳስቆጠረ ተሰልቶ አሸናፊ ይባላል። ስለዚህ ሰማዩን ተዉትና ሂዱ ምቱ።»

ከዚህ ሁሉ ምክር ደባልቄ ጆሮ ውስጥ የቀረችው «በዝናብ ቢሰረዝም እናልፋለን» የምትለዋ ናት።

ይህም ያለ ምክንያት አልሆነም። የደባልቄ አባት በመንደራቸው ሰማይ በማንበብ የታወቁ ገበሬ ነበሩ። ከሰዓት ላይ ምሥራቁ ጠቁሮ ነፋሱ ድንገት ቀጥ ካለ «አውድማውን ሸፍኑ» ይላሉ፤ በሬዎቹ ከአውድማው ሳይወጡ ዝናቡ ይወርዳል። ተሳስተው አያውቁም። ደባልቄ መምቻውን ይዞ ወደ ሜዳ ሲገባ ምሥራቁ ጠቁሯል፤ ነፋሱም ቀጥ ብሏል። ሰማዩ ቁርጥ የአባቱ ሰማይ ነበር። ልዩነቱ ከሥሩ ያለው የሰው አገር መሆኑ ነው። በዚያች ደሴት እንዲህ ያለው ደመና ከባሕሩ ላይ ይነሳና ከሰዓቱን ተጋድሞ ይውላል፤ መሸት ሲል፣ ደስ ካለው፣ ይዘንባል።

«አንለይ፣ ምሥራቁን አየኸው?» አለ ደባልቄ፣ አብሮት የገባውን መቺ።

«አየሁት። ጥቁር ነው።»

«አሁን ይወርዳል። ኳሷን እንዳትመታ። መምቻህን አስነክተህ እግርህ ሥር አብርዳት።»

«ኧረ ደባልቄ! የሚወረውሩልን እኮ ጥርስ አልባ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ነው። አንድ ሁለቷን ልላካት።»

«ብትያዝስ?»

«ባልያዝስ?»

«አምበሉ እኔ ነኝ።»

«እሱማ ነህ» አለ አንለይ፣ መምቻውንም ዝቅ አደረገ።

እናም መጠበቅ ተጀመረ። የመጀመሪያዋ ኳስ ቀስ ብላ መጣች፤ አንለይ አበረዳት። ሁለተኛዋም ያው ሆነች። ደባልቄ በበኩሉ የጫማውን ማሰሪያ ፈታና አሰረ። ጓንቱን ቀየረ፤ የቀየረውም አልተመቸውም። ውሃ ጠየቀ። ዓይኑ ውስጥ ትንኝ ገባች፤ ስትወጣም ብዙ ጊዜ ፈጀች። ሸምገል ያሉት ዳኛ ጠጋ አሉት።

«አምበል፣ ጫማህ ምን ሆነ?»

«ይፈታብኛል ጌታዬ።»

«የምትፈታውስ አንተ አይደለህ እንዴ?»

ከመቺው ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚቀበለው ደሴተኛ ነገረኛ ቢጤ ነበር። «ወንድሜ» አለው፣ «የምትጫወተው ከኛ ጋር ነው ከሰማዩ ጋር? ያ ደመና እኮ የኛ ነው፤ ከልጅነታችን እናውቀዋለን። ሰነፍ ነው። ከአንተም ይብሳል!» ጓደኞቹ ሳቁ። ደባልቄ ግን አልተቆጣም። የተናቀ ሰው ትዕግሥቱ ጥበብ ትመስለዋለች፤ ለእሱም መሰለችው። እንደ አባቱ አርቆ እያየ እንደሆነ ቆጠረው። ፈርቶ እንደሆነ ግን ለራሱም አልነገረውም።

ያ ነገረኛ ሰውዬ ሳቁን አቋርጦ ሰማዩን አየ፣ ቁጥሩን አየ፣ ከዚያም ወደ አምበላቸው ሮጦ በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደሴተኞቹ መጣደፍ ያዙ። ወርዋሪው ሳይተነፍስ ይወረውራል። ሜዳው ላይ የተበተኑት ኳስ ያዦች እየሮጡ ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። «ቶሎ ቶሎ!» ይላል ያ ሰውዬ እያጨበጨበ፣ «ሰውዬው ሳይነቃ ወሰኑን እናሻግረው!» አንዱ ቡድን እያዘገመ፣ ሌላው እየሮጠ፣ ሁለቱም ወደ አንድ ቦታ ይሄዱ ነበር።

«ደባልቄ፣ ገብቶሃል የሚያደርጉት?» አለ አንለይ።

«ትንሽ ነው የቀረው። ሽታው ራሱ መጥቷል።»

ሽታው በእርግጥ መጥቶ ነበር። ዝናቡ ግን አልመጣም።

ከሜዳው ዳር ጋሽ ሙላት ባርኔጣቸውን እያወዛወዙ ብድግ አሉ። «ደባልቄ! አለፈ እኮ! ወሰኑ አለፈ! ኧረ ምቱ በፈጠራችሁ!»

ደባልቄ ቀና ብሎ የቁጥር ሰሌዳውን አየ። ከዚህ በኋላ ዝናብ ቢጥል ጨዋታው አይሰረዝም፤ ተሰልቶ ይፈረዳል። በስሌቱ ደግሞ ወደኋላ ቀርተዋል። ስለዚህ አሁን የሚያስፈልገው ዝናብ እንዳይዘንብ ነው። ሲለምነው የዋለውን ደመና ባንዴ ዞሮ «እባክህ እለፈኝ» ይለው ጀመር። ችግሩ፣ እሱ ባደገበት አገር ለዝናብ መምጣት ምህላ ሲያዝ እንጂ ዝናብ እንዲቀር ሲለመን ሰምቶ አያውቅም።

«አንለይ፣ ምታ! በቃ፣ ያገኘኸውን ምታ!»

አንለይ መታ። ኳሷ መሬት ለመሬት ፈትለክ ብላ ጠርዙን አለፈች። የምትቀጥለዋንም ላካት፤ እሷም አለፈች። ቁጥሩ እየተቀራረበ ሄደ። ደባልቄ ለዓመታት ያላየውን ነገር አየ፤ ቡድኑ የዋዛ አልነበረም። እንዲህ መምታት ከጥንቱም ይችሉ ነበር።

ከዚያ የመጀመሪያዋ ጠብታ እጁ ጀርባ ላይ አረፈች።

ዳኛው ወደ ላይ ቀና አሉ፣ ከመቺዎቹ ጀርባ የተተከሉትን እንጨቶች ነቀሉ፣ ሁሉም ወደ መጠለያው ሮጠ። ዝናቡ አመጣጡ ዘግይቶ ነው እንጂ ሲወርድ አልቀለደም። ሜዳው ኩሬ ሆነ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ስሌቱ ተነበበ፤ የደሴቲቱ ቡድን አሸነፈ።

«ምን ያህል ጎድሎን ነው?» አሉ ጋሽ ሙላት።

«ለማሸነፍ አራት ሩጫ» አሉ ዳኛው።

አንለይ ሸሚዙን እየጨመቀ «የመጀመሪያዋን ኳስ ታስታውሳታለህ ደባልቄ?» አለ። «ቀስ ብላ የመጣችውን? አብርዳት ያልከኝን? እሷ ብቻ አራት ነበረች።» የተናገረው በቁጣ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻል ነበር።

ያ ነገረኛ ደሴተኛ ሊጨብጠው መጣ። «አይዞህ ወንድሜ» አለው። «ሰነፍ ነው አልኩህ እንጂ አይመጣም መች አልኩህ?»

ደባልቄ ጨበጠው። ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። በአገሩ እንዲህ ያለ ዝናብ ሲወርድ እናቶች በራፍ ላይ ወጥተው እልል ይላሉ። እሱ ግን ውሃው መሬቱን ሲመታ እያየ አንድ ነገር ያሰላስል ነበር። ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ተሸንፏል፤ ሽንፈቱን ሁሉ ግን ሲጫወት ነው ያገኘው። ያቺ ባለፈው ውድድር ወደ ሰማይ ልኳት የተያዘችበት ኳስ እንኳ አሁን በትዝታው ውስጥ አማረችበት። ቢያንስ መትቷት ነበር።

«የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላሉ አበው። የፈሩት የሚደርሰው አንዳንዴ መንገዱን ራሳችን ስለምንጠርግለት ነው። ሥራውን ለደመና አደራ የሰጠ ሰው፣ ደመናው ሲመጣ ለማን እንደሚያደላ ማዘዝ አይችልም። የሽማግሌ ጥበብም ቢሆን በተወለደበት አፈር ላይ ነው ጥበብ የሚሆነው፤ ባሕር አሻግረው ሲወስዱት እንደገና መፈተሽ አለበት። ከሁሉ የሚከፋው ግን ፍርሃት የትዕግሥትን ካባ ሲደርብ ነው፤ ያን ጊዜ ባለቤቱም አይለየውም። አንቺስ፣ አንተስ፣ «ጊዜውን እየጠበቅሁ ነው» የምትሉት ነገር በእርግጥ ትዕግሥት ነው?

ቡድኑ ከስድስት ሦስተኛ ወጣ።