ሦስት እጅ ያለፈበት ቀሚስ

በአንድ ወቅት፣ ሐይቅ ዳር ባለች አንዲት የሸማኔዎች ከተማ፣ ሦስት እህትማማቾችና አንድ ያላለቀ ቀሚስ ነበሩ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ረጅሙ ክርክሩ ነው።

አባታቸው ጋሽ ዘለቀ በጥለት ሥራ ስማቸው የተጠራ ሸማኔ ነበሩ። ሞት ቀደማቸውና የጀመሩትን አልጨረሱም። ነጩ ሸማ አልቆ፣ ጥለቱ አንድ ስንዝር ተሠርቶ፣ ድሩ ሸማኔ እግሩን ከሚያስገባበት ጉድጓድ በላይ እንደተወጠረ ቀረ። በዚያ ሰፈር ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሯን ካስገባች ድሩ ይበጠሳል፣ ቤቱም ይቀዘቅዛል ይላሉ። ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ስለዚህ ቀሚሱ ዓመት ሙሉ አቧራ ለበሰ።

ከሦስቱ ትንሿ ውዴ ነበረች። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቆንጆ ናት። ወፍጮ ቤት ስትሄድ ባለወፍጮው እሷን እያየ የሰው ጤፍ ከገብስ ጋር የቀላቀለበት ቀን አለ። ውዴ ግን ስለ መልኳ የምታውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው ፊቷን ሲያይ የምትለውን አይሰማም።

ታዲያ በዚያ ዓመት በከተማዋ የቁንጅና ውድድር ታወጀ። ለአሸናፊዋ አክሊል ይደፋላታል፤ ከአክሊሉ ጋር ደግሞ አዲስ አበባ ባለ የልብስ ቅድና ስፌት ኮሌጅ የሁለት ዓመት ትምህርት፣ ከነመኝታው፣ ለአንድ ሰው ይሰጣል። ውዴ ማስታወቂያውን ስታነብ አክሊሉ ላይ አልቆመችም፤ ኮሌጁ ላይ ነው የቆመችው። ቀጥሎ ደግሞ ደንቡን አነበበች። ተወዳዳሪዋ የምትለብሰው የባህል ልብስ ከቤቷ ሰው እጅ የወጣ መሆን አለበት። የተገዛ አይሆንም፣ የተከራየም አይሆንም።

«እቤታችን ያለው ልብስ አንድ ነው» አለች ወደ ጉድጓዱ እያየች። «እሱም አላለቀም።»

«ማን ይጨርስልሻል?» አለች መካከለኛዋ ታሪኳ። «ጎረቤት ቢጨርሰው የቤት አይባል።»

ታላቂቱ ባንቺወሰን ተነሥታ ጓዳ ገባች።

ባንቺወሰን እናታቸው ስትሞት አሥራ አራት ዓመቷ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን እንደ ጨረሰች ትምህርቷን አቆመችና አንዷን አዝላ፣ አንዷን ጎትታ፣ ሁለቱን እህቶቿን አሳደገች። የቀረውን ጊዜዋን እንዝርቷ ወሰደው። በከተማው እንደ እሷ አቅጥኖ የሚፈትል አልነበረም፤ አባቷም ከእሷ ፈትል በቀር ድር ላይ አያወጡም ነበር። ለራሷ ሰርግ ነጠላ ይሆነኛል ብላም ሰባት ልቃቂት ክር ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ ነበር። ሰርጉ ሲዘገይ ሲዘገይ ሠላሳ ዓመት ሞላት። የዚያን ዕለት ሳጥኑን ከፈተችና ሰባቱንም ልቃቂት አምጥታ ታሪኳ ጭን ላይ አስቀመጠች።

«እታለም! ይሄ እኮ የሰርግሽ ነው!» አለች ታሪኳ።

«ክር ነው። ከአባባ ድር ጋር የሚገጥም ሌላ የለም።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ ትሰጪኛለሽ?»

«አንቺ ስለምታውቂበት ነዋ። አባባ ሲሠራ ሰው ሁሉ እጁን ሲያይ አንቺ እግሩን ነበር የምታዪው።»

እውነት ነበር፤ ታሪኳ ከልጅነቷ ጀምሮ ለአባቷ ማግ ስታጠነጥን፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ሥራውን በዓይኗ ሠርታ ጨርሳዋለች። ግን ታሪኳ ታጭታለች። እጮኛዋ ማቴዎስ ሸማኔ ነው፤ ሰርጉም ከፋሲካ በኋላ ነው። የማቴዎስ እናት እትዬ ጣይቱ ደግሞ ጉድጓድ የገባች ሴት በደጃፋቸው እንድታልፍ የሚፈቅዱ ሰው አይደሉም። ታሪኳም ማቴዎስን ትወደዋለች፤ መንገድ ላይ ሲያልፍ ወሬዋን ከመሐል ትረሳዋለች።

«ከገባሁ ነገሩ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ» አለች። «ውዴ፣ ቃል ግቢልኝ።»

«ቃሌ ነው።»

«ማን ሠራው ቢሉሽስ?»

«አባባ እላለኋ። ውሸትም አይደል፤ አብዛኛውን እሱ አይደል የሠራው?»

ታሪኳ ጫማዋን አወለቀችና ጉድጓዱ ውስጥ ገባች። ድሩ አልተበጠሰም። ነገር ግን ሸማ ሲሠራ የማጉ ምት ድምፅ አለው፤ ለብቻው የሚመታ ደግሞ ከሩቅ ይለያል። ስለዚህ ታሪኳ የሰፈሩ ወንዶች ሲመቱ ትመታለች፣ ምሳ ብለው ሲያቆሙ እሷም ታቆማለች። የእሷ ምት ከአርባ ሸማኔ ምት ጋር እየተቀላቀለ፣ በሃያ ሁለት ቀን ጨረሰችው። ጥለቱን ግን እንደ አባቷ ብቻ አልደገመችውም። ነፋስ ሲነካው የሐይቁን ውኃ የሚመስል፣ ከዚያ በፊት ማንም ያልሠራው ነገር ጨመረችበት። ሸማውንም ሦስቱ ተጋግዘው ቀሚስ አድርገው ሰፉት።

ውዴም እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መድረክ ላይ አረማመድ የሚያሳያት ሰው አልነበራትም። ያደገችው ግን ድር ስትዘረጋ ነው፤ ክሩን ይዞ መሬት ላይ በተተከሉ ካስማዎች መካከል ቀጥ ብሎ፣ የተዘረጋውን ሳይነኩ፣ ቀኑን ሙሉ መመላለስ። እናም ሌሎቹ ልጃገረዶች በስልካቸው ቪዲዮ እያዩ ሲለማመዱ፣ እሷ ድር በሚዘረጋበት መንገድ ባዶ እጇን ወጣች፣ ወረደች። «ወይዘሪት! ክሩ የታለ?» ይሏታል የሰፈሩ ልጆች። «በልቼዋለሁ!» ትላቸዋለች። ሐሜቱንም ችላ፣ ሳቁንም ችላ፣ አንድም ቀን ሳትቀር ተለማመደች።

የውድድሩ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ውዴ በቀሚሱ ስትወጣ ሰው ሁሉ ቀና አለ። የመድረኩ መሪ ለሁሉም የሚያቀርበውን ሦስት ጥያቄ አቀረበላት።

«ከየት ነው የመጣሽው?»

«ከሸማኔ ሰፈር። አባቴ ሸማኔ ነበር፣ እኔ ድር ዘርጊ ነኝ።»

«ምን መሆን ትመኛለሽ?»

«ልብስ ሰፊ። ሸማ ለበዓል ብቻ ሳይሆን ለሥራ ቀን እንዲሆን አድርጌ መስፋት እፈልጋለሁ። ታክሲ ውስጥ ስትገቢ በር ላይ የማይቀር።»

አዳራሹ ሳቀ።

«በምንም የማትለውጪው ነገርስ?»

«እውነትን።»

ተጨበጨበላት። ከእሷ በፊት የወጡት አምስት ልጆችም እውነት ብለው ነበር፤ ለእነሱም ተጨብጭቦላቸዋል።

ያላጨበጨቡት አንዲት ዳኛ ብቻ ነበሩ። እትዬ አጸደ ይባላሉ፤ አርባ ዓመት ሸማ ሲነግዱ የኖሩ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ወደ መድረኩ ቀረቡና የቀሚሱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

«ልጄ፣ አባትሽን አውቃቸዋለሁ፣ ነፍሳቸውን ይማር። እስከዚህች ስንዝር ድረስ የእሳቸው እጅ ነው። ከዚህ በታች ግን ሌላ ነው። ይሄኛው ማጉን ጠበቅ አድርጎ ይመታል። የማን እጅ ነው?»

ውዴ አዳራሹን አየች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ እትዬ ጣይቱና ማቴዎስ፣ ከጎናቸው ታሪኳ። ታሪኳ ራሷን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። አባባ የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይሠራም። ጎረቤት ነው ብትል በደንቡ ትወድቃለች። አላውቅም ብትልም ያው ነው።

«የትኛው ወንድ እንደሆነ ንገሪንና ለእሱም እናጨብጭብለት» አሉ ሌላኛው ዳኛ እየሳቁ።

«ወንድ አይደለም» አለች ውዴ። «እህቴ ታሪኳ ናት። ክሩን የፈተለችው ደግሞ እህቴ ባንቺወሰን ናት።»

ያን ጊዜ ያናገራት እውነቱ ይሁን ኮሌጁ፣ ውዴ ራሷ እስከ ዛሬ ለይታ አታውቀውም።

እትዬ አጸደ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ሌላውም ተከተላቸው። በጭብጨባው መሐል እትዬ ጣይቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። ማቴዎስ ቆመ፤ ታሪኳን አየ፣ በሩን አየ። እናቱን ተከትሎ ሄደ። አክሊሉን ውዴ ደፋች።

ማክሰኞ ዕለት የማቴዎስ ቤት ሽማግሌዎች መጡ። ቡና እንኳ አልጠጡም። «ነገሩ ይቅርብን ብለዋል» አሉና ወጡ። በማግሥቱ ደግሞ የውድድሩ አዘጋጅ አቶ ፍስሐ የኮሌጁን ቅጽ ይዘው መጡ።

«ስም የሚሞላበት መስመር ይኸውላችሁ፣ አንድ ነው» አሉ። «አሸናፊዋ ካልሄደች ከቤቷ አንድ ሰው መተካት ትችላለች። ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ትሁን እንጂ ማንም ትሁን። ዓርብ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ሦስቱ እህትማማቾች በቅጹ ዙሪያ ተቀመጡ። መጀመሪያ የተናገረችው ታሪኳ ናት። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ያሸነፈው እጄ ነው። ዳኛዋ ከወንበራቸው የተነሡት ፊትሽን ሊያዩ አይደለም፤ ጥለቱን ሊያዩ ነው። ምስጢሬን አወጣሽ፣ አንቺ አክሊል አገኘሽ፣ እኔ ማቴዎስን አጣሁ። ከእንግዲህ እዚህ ሰፈር ምን ቀረኝ? ቦታው ለእኔ ይገባል።»

ውዴ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መለሰች።

«ቃሌን አፍርሻለሁ፣ አልክድም። ግን እኔ ባልወጣ ጥለትሽ ዛሬም ሳጥን ውስጥ ነበር። ያን ሁሉ ሰው ፊት የቆምኩት እኔ፣ የተሳቀብኝ እኔ፣ ኮሌጁን ከመጀመሪያው የተመኘሁት እኔ። ዝም ብልስ ሥራሽን ለማያውቀው ወንድ ይሰጡት አልነበር? ስምሽን የጠራሁት በክብር ነው።»

«ክብሩን ጠይቄሽ ነበር?»

ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ታላቃቸውን ቀና ብለው አዩ። ነገር ሲካረር ባንቺወሰን ናት የምታበርደው። አሁን ከሁለት ለአንዳችን ትፈርዳለች ብለው ጠበቁ። ባንቺወሰን ግን ቅጹን ወደ ራሷ ስባ በጣቷ እየተከተለች አነበበች።

«ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ይላል» አለች። «እኔ ጨርሻለሁ።»

«እታለም?» አሉ ሁለቱም።

«ውዴ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ታሪኳ የትም ብትሄድ እጇ ያበላታል። እኔ ደብተሬን ያስቀመጥኩት ለእናንተ ነው። የሰርግ ክሬን የሰጠሁት ለእናንተ ነው። ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። እፈልጋለሁ።»

እንዲህ ስትናገር ሰምተዋት አያውቁም። ታሪኳ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች። ውዴ እስክሪብቶውን እንደ ያዘች ቀረች፤ ፊርማው የእሷ ስለሆነ ከእሷ በቀር ማንም ሊጽፍ አይችልም። የማንንም ስም ብትጽፍ ሁለቱን ትበድላለች፤ ሳትጽፍ ብትቀር ሦስቱንም። አቶ ፍስሐ በሩን አንኳኩ።

ይህን የሚያወሩ ሰዎች ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርሱ ይለያያሉ። ቦኖ ውኃ ላይ የተሰለፉ ሴቶች ስለዚህ ነገር ሲከራከሩ ጀሪካን ሞልቶ ፈሷል። እንግዲህ ተራው የእናንተ ነው። አንዷ ፈተለች፣ የወጣትነት ዕድሜዋንም ሰጠች። አንዷ ሠራች፣ የምትወደውንም አጣች። አንዷ ለብሳ ቆመች፣ እውነቱን ስትናገርም ቃሏን በላች። እስክሪብቶው በእናንተ እጅ ቢሆን፣ በዚያ መስመር ላይ የማንን ስም ትጽፋላችሁ?